በተለጣፊው ላይ የተጣበቀ ክንፍ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ተሳካ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሣጥን ውስጥ የተኛው ተለጣፊ ሳይሰነጠቅ ወጣ። የሚያየኝ ሰው ልጅ የዳርኩ ሳይመስለው አይቀርም።

ሌላ ጊዜ እንዲጠቅመኝ ነገሩን ልጻፈው። የተገጣጣሚ ሮኬቱን ሣጥን የገዛሁት ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ከክንዴ የሚረዝም የወረቀት ቱቦ፣ አራት ስስ የእንጨት ክንፎች፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰማያዊው ተለጣፊ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲነከር ሥዕሉ ከወረቀቱ ይለቅና በጣት እየተንሸራተተ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ሲያረጅ ግን ወደ ቢጫ ይበልዛል፤ ውሃ ሲነካውም እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሳሎኑን መስኮት ተከራየሁለት ማለት ይቻላል፤ ፀሐይዋ ቢጫውን መጠጠችው። ከዚያ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ረጨሁበት። ደረቀ፣ ነከርኩት፣ ወጣ። አሁን የሮኬቱን ወገብ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ይዞታል።

መመሪያው ክንፎቹ መጀመሪያ ይጣበቁ፣ ተለጣፊው በመጨረሻ ይለጠፍ ይላል። ነገር ግን ይህን አሮጌ ቀበቶ ለአራት ክንፍ አራት ቦታ ብሰነጥቀው አይችለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ለጠፍኩት። ክንፎቹን ነገ ሙጫ በላዩ ላይ ታጣብቃቸዋለች።

ሙጫ የምላት የቤተ ሙከራችንን ሠራተኛ ነው። ተማሪዎቹ «እትዬ ሙጫ» ይሏታል፤ የተሰበረ ወንበር፣ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ የተጣላ ጓደኛ ሁሉ እሷ ጋ ሄዶ ይጣበቃል። ዛሬ ምላጭ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ክንፎቹ የሚያርፉበትን ብቻ ልፋቀው፤ ሙጫው ወረቀቱን ካላገኘ ምኑን ይይዛል?» አለችኝ። እጇን ለቀም አደረግኩና «ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን በምላጭ! እጅሽን እንዳላይ!» አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት በሳቅ ሞተች።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ኀምሳ ዓመት ይሞላዋል። ሮኬቱ የሚነሣው ያኔ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዓይኑ ነው። ግራው።

ክንፉ ለቀቀ። ከዛፎቹ ጫፍ ትንሽ ከፍ እንዳለ። ዞረ። እሳቱ ሳይጠፋ ወደ እኛ ተመለሰ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ። ሐኪሙ አልወጣም። ሸሚዜ ላይ ያለው የእሱ ደም ነው።


እሑድ፣ ጥር 17

ዓይኑ አልተረፈም።

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። እኛ «ጋሽ ቆጠራ» ነው የምንለው፤ ሮኬት በተነሣ ቁጥር ከዐሥር እስከ ዜሮ የሚቆጥረው እሱ ስለሆነ። እሱ ካልቆጠረ የሮኬት ክበባችን ተማሪዎች አይቀበሉም፤ አንዴ ታሞ በቀረ ጊዜ ሮኬቱን ለሳምንት አስተላለፍነው። ደንቡ ሁሉም ሰው ሃያ እርምጃ ይራቅ ይላል። እሱ ግን ሁልጊዜ አምስት እርምጃ ላይ ነው የሚቆመው። «ድምፄ ካልደረሰው አይነሣም» ይላል። ተው ብዬው አላውቅም። እስቅ ነበር።

ትናንት «ዜሮ!» ሲል አፉን እንደከፈተ ቀና ብሎ አየው። ሲወርድም እያየው ነበር። ሮኬት ወደ ሰው ይመለሳል ብሎ ማን ያስባል?

ክንፉን ራሴ ነኝ ከሣሩ ላይ ያነሣሁት። ሙሉ ነው፣ አልተሰበረም። ከሥሩ ነው የለቀቀው። ችግሩ ከሙጫዋ አቀባብ ይሁን ከአደራረቁ አላውቅም። ተለጣፊ ከፀጉር የሳሳ ነገር ነው። ተለጣፊ ክንፍ አይገነጥልም።


ረቡዕ፣ ጥር 20

ሁለታችንም፣ እኔና ሙጫ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደናል። የሮኬት ክበቡ ተዘጋ። ሣጥኖቼን ወደ ቤት ወሰድኩ፤ ስድስት ናቸው።

ስወጣ ከመምህራን ማረፊያ በር ኋላ ሁለት ድምፅ ሰማሁ።

«ክንፉን ያጣበቀው ማን ነበር?»

«እሷ ናት አሉ። እሱማ ጌጡን ነው የሠራው።»

ሳላስል፣ ሳልቆም አለፍኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።


ሰኞ፣ ጥር 25

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ገና ሳልቀመጥ ጀመረኝ። «መምህር፣ አትተክዝ። ለዘበኛ አንድ ዓይን ይበቃዋል። በሌላው ድሮም ቢሆን ስተኛ ነበር የምውለው።» የጎን አልጋው ሰው ሳይቀር ሳቀ።

ባለቤቱ አልሳቀችም። ፎጣ እየጨመቀች፣ ማንንም ሳታይ «ያጣበቀችው እጇ ይሰበር» አለች።

«ተይ አንቺ» አላት።

እኔ ብርቱካኖቹን ራስጌው ደረደርኩ። የታመመ ሰው ፊት ክርክር ጥሩ አይደለም።


ሐሙስ፣ ጥር 28

ኮሚቴው ዛሬ ተቀመጠ። ሦስት ናቸው፦ ርዕሰ መምህሩ፣ የስፖርት መምህሩ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከ መነጽራም ሰው። ክንፉ ነጭ ወረቀት ላይ ተኝቷል። ሦስቱም ተራ በተራ አገላበጡት፤ የሬሣ እጅ የያዙ ይመስሉ ነበር። ሥሩ ላይ የደረቀው ሙጫ ሰማያዊ ሆኗል። አንዳቸውም ሰማያዊነቱ ምን እንደሆነ አልጠየቁም።

እሷ ቀድማ ተናገረች። ያን የቤተ ሙከራ ነጭ ልብስ ለብሳ ነው የመጣችው፤ ለምን እንደለበሰችው አልገባኝም። «ተለጣፊውን ልፋቀው ብዬ ጠይቄ ነበር። ጋሼ አይሆንም አለኝ። አለቃዬ ነው፤ እሺ አልኩ» አለች።

መነጽራሙ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ እንዲህ ያለ ንግግር ነበር?»

«አላስታውስም» አልኩ።

ይህ ውሸት አይደለም። በዚያ ሳምንት ስንት ነገር ነበረብኝ፦ የወንበሩ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የእንግዶቹ ዝርዝር። ሰው በሥራ ውጥረት ላይ የተባባለውን ሁሉ እንዴት ያስታውሳል? «አላልኩም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር። «አላልኩም» ግን አላልኩም።

አየችኝ። ብዙም አላየችኝም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉ እጆቿን አወረደቻቸው።

ዐሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። መምህርት ልትሆን በማታው ክፍለ ጊዜ ትማራለች፤ አንድ ዓመት ነው የቀራት። ጎበዝ ናት። ከዚህ የሚደርስባት ነገር ተግሣጽ ቢሆን ነው።


ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ነገሩን እንደ ፊዚክስ ሰው ልጨርሰው ብዬ ሙከራ ሠራሁ። ከሣጥኖቹ ትርፍ ቱቦ ወስጄ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። በአንደኛው ባዶ ወረቀት ላይ ክንፍ አጣበቅኩ። በሌላኛው ላይ መጀመሪያ ከዚያው አሮጌ ተለጣፊ የተረፈውን ቁራጭ ለጠፍኩ፤ ያው ፀሐይ፣ ያው ቫርኒሽ፤ ክንፉን በላዩ አጣበቅኩት። አንድ ሙሉ ቀን ደረቁ።

በመጀመሪያው ላይ የውሃ ጀሪካን አንጠለጠልኩበት። አምስት ሊትር ሲደርስ የተቀደደው የቱቦው ወረቀት ነው፤ ሙጫው ፍንክች አላለም።

ሁለተኛው ላይ ምንም አላንጠለጠልኩም። ጀሪካኑን ላስር በጣቴ ስነካው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ቅርፊት ተነሣ።

አንድ ሙከራ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ለተማሪዎቼ ሠላሳ አንድ ዓመት የነገርኩት ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱም ያው።

የአየሩ እርጥበት ሊሆን ይችላል።


ዓርብ፣ የካቲት 6

ትናንት ባለቤቴ ልብስ ስታሰጣ ጎኗ ቆሜ መቆንጠጫ አቀብላት ነበር።

«ኮሚቴው ጠየቀህ?»

«ጠየቀኝ።»

«ስለ ምላጩ?»

«አላስታውስም አልኳቸው።»

አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዛ ቆየች። «እኔ አስታውሳለሁ» አለች። «ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገርከኝ። ‘እጅሽን እንዳላይ አልኳት’ ብለህ እጅህን ሁሉ እያሳየኸኝ። ስቄልሃለሁ። ያ ሳቅ አሁን እዚህ ጋ ያመኛል።» ጣቷን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

«ታዲያ አንቺ ሄደሽ ንገሪያቸዋ!» አልኳት። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ጎረቤት መስኮት ዘጋ።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለች። «አንተ ነበርክ።»

ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ጋዝና ስለ ቁልፍ ነው።

የዚህ ደብተር የጥር 12 ገጽ አለ። አልገለጥኩትም።


ሰኞ፣ የካቲት 16

ውሳኔው መጣ። «በሥራ ላይ በታየ ከባድ ግድየለሽነት» ተብላ ተሰናበተች። እኔ ለደንቡ አለመከበር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ነገ ወደ ክፍል እመለሳለሁ።

ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ካርቶኑን ልያዝልሽ አልኳት። «ቀላል ነው» አለች።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ትናንት ወንበር ያስጠገኗት መምህራን ዛሬ «እኔ እንኳ ድሮም ችኩል መሆኗን አውቅ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ችኩል! አንድ ቀጭን የመስታወት ፒፔት ስታጥብ ግማሽ ሰዓት የምትፈጅ ሴት።

አላረምኳቸውም። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።


እሑድ፣ የካቲት 29

ይህን መጻፍ አልፈለግኩም።

ጋሽ ቆጠራ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እሑድ እሑድ ቤቱ እሄዳለሁ። አንድ ክፍል ናት፣ ጠባብ ግቢ ያላት። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ከግቢው በር ወጥቶ አያውቅም። «መንገዱ በግራ በኩል ጎርፍ እንደወሰደው ይጎድልብኛል» አለኝ። ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው።

ብርቱካን እየላጥኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሙጫ ናት። ባለቤቱ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሙጫ እኔን አላየችኝም ወይም እንዳላየችኝ ሆነች። በቀጥታ ሄዳ እግሩ ሥር ተንበረከከችና ጉልበቱን ያዘች።

«አባቴ፣ ክንፉን ያጣበቅኩት በዚህ እጄ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ስለ ምላጩ ቃል አልተነፈሰችም። ስሜን አላነሣችም። ጠበቅኩ፤ አሁን ትናገራለች ብዬ። አልተናገረችም።

«ተነሺ፣ ልጄ» አላት። «እጅ ይስታል። እኔም ቆሜ የነበረው መቆም የሌለብኝ ቦታ ነው።»

ባለቤቱ ግድግዳውን እያየች «ዓይን ወስዶ በእንባ መክፈል ቀላል ነው» አለች። ሙጫ ተነሥታ፣ ጉልበቷን እንኳ ሳታራግፍ ወጣች።

በሩ ከተዘጋ በኋላ እሱ «ደግ ልጅ ናት፣ መምህር» አለኝ። «በሷ ቂም አልያዝኩም። አንተም አትያዝባት።»

ብርቱካኑን ልጬ ሰጠሁት። ልጣጩ ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ነበር የወጣው። ይህን ለምን እንደማስታውስ አላውቅም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 2

«አንተም አትያዝባት።» ክፍል ውስጥ ስለ ፍጥነት እያስተማርኩ፣ በመሐል ቃሉ መጣብኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። አንዷ ተማሪ አንሥታ ሰጠችኝ።

ከምሳ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። በሩን ዘግቼ ነገርኩት። ልፋቅ ብላኝ ነበር፣ ከልክያታለሁ አልኩ።

እስክሪብቶውን ከደነ። «መምህር፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ሰውየው ቂም የለውም፣ እሷም ሄዳለች። እርስዎ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። የዳነ ቁስል ለምን እንነካካለን?»

«አልዳነም እኮ» አልኩ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ አልሰማኝም ይሆናል። ወይ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። እንዲህ ብዬ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። ተናግሬያለሁ እኮ። የሰማው ሰው ካልተቀበለ የኔ ጥፋት ነው?


ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ሁለት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። ከትናንሾቹ ሣጥኖች የአንዱን ተለጣፊዎች ለፀሐይ ሰጥቼ ነበር፤ ቀዩ ከሰማያዊው ይልቅ ቶሎ ይደበዝዛል። መስኮቱን ባለቤቴ ሳትነግረኝ በመጋረጃ ሸፈነችው።

ዛሬ የፈተና ወረቀት ላባዛ ከገበያው ጀርባ ያለችው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባሁ። ከማባዣው ኋላ የቆመችው ሙጫ ናት።

«ስንት ኮፒ ልሥራልዎት?» አለችኝ።

«ልሥራልዎት» አለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ ና እስቲ ይህን እይልኝ» ስትለኝ የኖረች ልጅ ዛሬ አንቱ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አርባ» አልኩ። ከዚያ ማሽኑ እያጓራ ሳለ «ለርዕሰ መምህሩ ነግሬዋለሁ» አልኳት።

«ምን ብለው?»

«ያልሽው እውነት መሆኑን።»

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለቻቸው። «በቃል?»

«በቃል።»

«እኔን ያባረሩኝ በጽሑፍ ነው» አለች። «በማኅተም። የማታው ትምህርት ቤት ያን ደብዳቤ አንብቦ ስሜን ሰርዞታል። ግድየለሽ ሰው ልጆች ፊት አይቆምም አሉኝ።» አልጮኸችም። ኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደንበኛ እንደሚያስተናግድ ሰው ነው የነገረችኝ። «የጋሽ ቆጠራ ባለቤት መንገድ ላይ ስታየኝ ምራቋን ትተፋለች። ለነሱ እንኳ ቢነግሩልኝ። ሌላ የሚጨመር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። «ደህና ዋይ» ማለት አቃተኝ።


ሰኞ፣ መጋቢት 21

የጥር 12ን ገጽ ገለጥኩት። ያለው ሁሉ አለ። በራሴ እጅ፣ በቃለ አጋኖ።

ለጽሕፈት ቤቱ የሚገባ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ባለቤቴ ሳልጠይቃት አንሥታ አነበበችው። «‘ተለጣፊው ሳይፋቅ ክንፉ እንዲጣበቅ ተደረገ’ ይላል» አለች። «‘ተደረገ’ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው ያደረገው? ነፋስ ነው?»

ቀደድኩት። ሁለተኛው ውስጥ «ምናልባት» የሚል ቃል ሦስት ቦታ ነበር። እሱንም ቀደድኩት።

ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ተለጣፊውን እንዳትፍቅ የከለከልኳት እኔ ነኝ። አሮጌው ተለጣፊ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ክንፉ የለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቤቴ ሞክሬ አረጋግጫለሁ። ጋሽ ቆጠራን ከአምስት እርምጃ ላይ ማራቅም የኔ ኃላፊነት ነበር። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ አስታውስ ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ ኮቴን ከመስቀያው አወረደችልኝ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሳታነበው ማኅተም መታችበት።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 7

ተጠርቼ ሄድኩ። መነጽራሙ ሰውዬ ነው የተቀበለኝ። «ያን ጊዜ ቢናገሩ ተግሣጽ ነበር» አለ። «አሁን ግን ኮሚቴ ማሳሳት ነው።» ጡረታዬ ሁለት ወር ሲቀረው ከመምህርነት ተሰናበትኩ። የእሷ ደብዳቤ ተሽሯል፤ ቦታዋም ተመልሶላታል። አልመለስም ብላለች አሉ፤ የማታውን ትምህርት ግን በሚቀጥለው ዓመት ትጀምራለች።

መሳቢያዬን ባዶ ሳደርግ ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች ነበሩ። ድሮ ሲያዩኝ መንገድ ይለቁ ነበር። ዛሬም ለቀቁ። ካለፍኩ በኋላ አንዷ «እሱ ነው እኮ» ስትል ሰማሁ። የታችኛው ክፍል ልጆች እትዬ ሙጫን አሁንም እየፈለጉ ቤተ ሙከራውን ያንኳኳሉ አሉ።

የቀረኝ ጋሽ ቆጠራ ነው። ወሬው ገና አልደረሰውም፤ ከቤት አይወጣ፣ ባለቤቱም ከትምህርት ቤቱ ሰው ጋር አታወራ። ነገ እሄዳለሁ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

ዝናብ።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 9

ብርቱካን ጠፋ። ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?


ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ውስጥ እየሳቀ ነበር፤ ሬዲዮ እየሰማ ይመስለኛል። ይህን ሳቅ እኔ ነኝ የማቋርጠው?

ባለቤቴ «ነገርከው?» አለችኝ። እንቅልፍ ወስዶት ነበር አልኳት። ይኸው፣ ለመዋሸት እንደገና አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።


እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ነገርኩት።

ምንም ሳልይዝ ነው የሄድኩት። ሲያየኝ «ዛሬ ብርቱካኑ የት ሄደ? ዓይኔ ነው ወይስ እጅህ ነው ባዶ?» አለኝ። ባለቤቱ ለሁለታችንም ሻይ ስታቀርብ ነበር። አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ ከምላጩ ጀምሬ እስከ «አላስታውስም» ድረስ ሁሉንም ነገርኩት። አሳጥሬ ለመናገር ቤት ተለማምጄ ነበር፤ ግን ረዘመ። ስለ ጀሪካኑ ሳይቀር ነገርኩት።

ስጨርስ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቀልድ ብዬ ለመንኩ። አልቀለደም።

«ያን ቀን እዚህ ተንበርክካ ስታለቅስ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «አንተ እዚያ ወንበር ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ብርቱካን ላጥክልኝ።»

«አዎ።»

ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ተቆጥቶ አይደለም፤ የሆነ ነገር ቆጥሮ ልክ ያገኘ ሰው እንደሚያደርገው ነው። ባለቤቱ ሻዩን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። አየኋት፤ ምራቋን ዋጠች።

«ጫማዬን አምጪልኝ» አላት።

«ወዴት ነው?»

«ልጅቷ ጋ።» ከወንበሩ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። «ቤቴ ድረስ መጥታ ጉልበቴን ይዛለች። ውሃ እንኳ ሳንሰጣት ነው የሸኘናት። አንቺም ነይ። የተናገርሽውን አንቺው ትመልሽዋለሽ።»

«መንገዱ…» አለች።

«በግራዬ ትሆኛለሽ።»

ጫማውን ራሷ አሰረችለት፤ ከዚያ ሻርፗን ለበሰች። እኔን ሁለቱም አላዩኝም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አለ፤ ሙሉ ፊቱን ማዞር ነበረበት። «መምህር፣ ቤቷን ታውቀዋለህ?»

አሰብኩ። ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። ወንበሬን አጣብቃልኛለች፣ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠግናልኛለች። የት እንደምትኖር፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ጠይቄያት አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩ።

«ግድ የለም» አለ። «ጠይቀን እናገኘዋለን።»

ባለቤቱ ክንዱን ይዛው ወጡ። ከግቢው በር ላይ ቆም ብሎ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፣ አየሩን ዳሰሰ፣ ከዚያ እግሩን አነሣና መንገዱ ላይ ወጣ። የእግራቸውን ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁት።

የቤቱ ባለቤቶች ጥለውኝ ሄደው በሰው ቤት መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። ስወጣ በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍቱን ልተወው፣ እሱን እንኳ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።